ለደብረ ብርሃን የትኛው፣ ለሸዋ ሮቢት የትኛው? የሥጋ ዶሮ ዘር በመኖ ቆጣቢነት ሲመረጥ

በሥጋ ዶሮ እርባታ ከሚወጣው ገንዘብ ውስጥ ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆነውን የሚወስደው መኖ ነው። ስለዚህ ጫጩት ለመግዛት የሚነሣ ሰው በመጀመሪያ የሚጠይቀው፣ ሻጩም በመጀመሪያ የሚነግረው የመኖ ምጣኔውን ነው፤ ይኸውም ዶሮው አንድ ኪሎ ለመጨመር ስንት ኪሎ መኖ ይበላል የሚለው ቁጥር ነው። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ዘሩ ቆጣቢ ነው ይባላል፤ አባባሉም ትክክል ነው። ነገር ግን በዘር አምራቹ መጽሔት ላይ የሚታተመው ቁጥር የተለካው ሙቀቱ በተስተካከለ ቤት፣ በተመጣጠነና በእንክብል መልክ በተዘጋጀ መኖ፣ አየሩ በማይሳሳበት ዝቅተኛ ቦታ ነው። ደብረ ብርሃን ግን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ ሸዋ ሮቢት ደግሞ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጣርማ በርን አልፎ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል የወረደ ሰው ጋቢውን በየት በኩል እንዳወለቀ ያስታውሳል። ዶሮ ግን ጋቢ አያወልቅም፤ የሚበላውን መኖ ወደ ሥጋ የሚለውጥበት መንገድ ራሱ ከቦታ ቦታ ይለወጣል። ይህ መመሪያ የተጻፈው ያ ለውጥ የዘር ምርጫን እንዴት እንደሚያገላብጥ ለማሳየት ነው።

ለምርጫ የሚቀርቡት ዘሮች በሦስት ይከፈላሉ። የመጀመሪያዎቹ በተለምዶ ብሮይለር የምንላቸው ነጭ ፈጣን ዶሮዎች ናቸው፤ ኮብ 500 እና ሮስ 308 ከእነዚህ ይመደባሉ። በጥሩ አያያዝ በ42 ቀን ከ2.5 ኪሎ በላይ ይመዝናሉ፤ ምጣኔያቸውም ወደ 1.6 ይጠጋል። ሁለተኛዎቹ እንደ ሳሶና ኩሮይለር ያሉት ባለ ቀለም ዲቃላዎች ናቸው። ከብሮይለሩ ቀስ ብለው ያድጋሉ፣ እንቁላልም ይጥላሉ፤ ምጣኔያቸው በተሟላ መኖ እንኳ ከ2 በላይ ነው። ሦስተኛዎቹ ንጹሕ ዝርያዎች ናቸው፤ ከደቡብ አፍሪካ የመጣው ኮኮክ፣ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል በምርጫ እየተሻሻለ የመጣው የሆሮ ዶሮና በየጓሮው የሚገኘው የሐበሻ ዶሮ እዚህ ውስጥ ይገባሉ። የሐበሻ አውራ ዶሮ 1.5 ኪሎ ለመድረስ ግማሽ ዓመት ያህል ስለሚፈጅ፣ በተገዛ መኖ ለሥጋ ብቻ ማርባቱ አያዋጣም። ስለ እርሱ የማነሣው በጭረት ራሱን ለሚመግብ የገጠር ጓሮ ያለውን ዋጋ ለማሳነስ ሳይሆን፣ በዚህ ንጽጽር ውስጥ ቦታው ሌላ መሆኑን ለመናገር ነው።

በብሮይለሩና በባለ ቀለሙ ዲቃላ መካከል ያለውን ልዩነት በኩንታል ማየት ይሻላል። አንድ ዶሮ 2.2 ኪሎ እስኪደርስ ምጣኔው 1.7 ከሆነ 3.74 ኪሎ መኖ ይበላል፤ ምጣኔው 2.4 ከሆነ ደግሞ 5.28 ኪሎ ይፈጃል። ልዩነቱ ለአንድ ዶሮ 1.54 ኪሎ ቢሆንም ለ500 ዶሮ 770 ኪሎ፣ ማለትም ወደ ስምንት ኩንታል የሚጠጋ መኖ ይሆናል። በዛሬው የመኖ ዋጋ ስምንት ኩንታል ቀላል ገንዘብ ስላልሆነ፣ ብሮይለሩን የሚያስመርጠው ምክንያት በቂና ጠንካራ ነው። ታዲያ ይህ ልዩነት በዶሮው ውስጥ የት ነው ያለው?

የዘሩ ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ ከሚያሳዩት ሥራዎች አንዱ በካናዳ የአልበርታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ያሳተሙት ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1957 እና ከ1978 ጀምሮ ሳይመረጡ እንዲሁ የቆዩ መንጋዎችን በ2005 ከነበረው የንግድ ብሮይለር ጋር ጎን ለጎን አስቀምጠው አንድ ዓይነት መኖ አበሏቸው። በ56 ቀን የ1957ቱ 905 ግራም፣ የ1978ቱ 1,808 ግራም፣ የ2005ቱ 4,202 ግራም መዘኑ። መኖው አንድ ስለነበረ ልዩነቱ የዘር ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ የአሜሪካ ጥናትም ከዕድገቱ ለውጥ ከ85 እስከ 90 በመቶ የሚሆነው ከዘር ምርጫ፣ የቀረው ከመኖ መሻሻል የመጣ መሆኑን አሳይቷል።

ይህን ያመጣ አንድ «የቁጠባ ዘረመል» ግን የለም። ባሕርይው የብዙ ትንንሽ ዘረመሎች ድምር ሲሆን፣ ከእነርሱ ውስጥ ትልቁን ሥራ የሚሠራው የዕድገት ፍጥነት ነው። ማንኛውም ዶሮ ምንም ሳያድግ ለመተንፈስ፣ ሙቀቱን ለመጠበቅና ለመንቀሳቀስ ብቻ በየቀኑ የሚፈልገው መኖ አለ፤ እንደ ቤት ኪራይ ቢታሰብ ጥሩ ነው። በ42 ቀን የሚሸጥ ዶሮ የ42 ቀን ኪራይ ይከፍላል፤ በ80 ቀን የሚሸጠው የ80 ቀን ይከፍላል። ከብሮይለሩ ቁጠባ አብዛኛው ከዚህ የመጣ ነው። ሁለተኛው ምክንያት የሰውነት አሠራር ነው። አንድ ግራም ስብ ለመሥራት የሚያስፈልገው ኃይል አንድ ግራም ቀይ ሥጋ ለመሥራት ከሚያስፈልገው እጅግ ይበልጣል፤ ሥጋው በአብዛኛው ውሃ ነውና። ስለዚህ ወደ ስብ የማያዘነብል ዘር በተመሳሳይ መኖ ይበልጥ ይከብዳል።

ሦስተኛው ምክንያት የምግብ መፈጨት ሲሆን ለእኛ አካባቢ የተለየ ትርጉም ስላለው ትንሽ ልቆይበት። የፈረንሳይ የግብርና ምርምር ተቋም ሰዎች ከአንድ መንጋ ተነሥተው፣ በስንዴ ላይ የተመሠረተ መኖን በደንብ የሚፈጩትንና በደንብ የማይፈጩትን ለየብቻ እያራቡ ሁለት መስመሮች አወጡ። ደኅና ፈጪዎቹ እህሉን የሚፈጨው ጡንቻማ ሆዳቸው ከሌሎቹ የከበደ ሆኖ ተገኘ፤ ባሕርይውም ከወላጅ ወደ ልጅ በደንብ ይተላለፋል። በመንዝ፣ በባሶና በአንኮበር ደጋ በቆሎ ውድ ሆኖ ስንዴና ገብስ በሚቀርብበት ጊዜ አርቢው እነርሱን ወደ መኖው መጨመሩ አይቀርም። ገብስ ቤታ ግሉካን የተባለ ንጥረ ነገር አለው፤ ይህም በጫጩት አንጀት ውስጥ እንደ አጥሚት ወፍሮ መፈጨትን ያዘገያል፣ ኩሱን ያጣብቃል፣ ጉዝጓዙን ያረጥባል። ይህን ንጥረ ነገር የሚሰባብር ኢንዛይም ካልተጨመረ በስተቀር ከፍ ያለ የገብስ መጠን ለፈጣን ብሮይለር ጫጩት አይመከርም። ባለ ቀለሙ ዲቃላም ከዚህ ነጻ ባይሆንም፣ በየቀኑ የሚፈልገው ንጥረ ነገር አነስተኛ ስለሆነ ጉዳቱን በዝግታ ይሸከመዋል።

አራተኛውን ሳይንቲስቶች ቀሪ የመኖ ፍጆታ ይሉታል። የአንድን ዶሮ ክብደትና የዕድገት ፍጥነት አውቆ መብላት የሚገባውን መኖ ማስላት ይቻላል፤ በእውነት የበላው ከዚያ ካነሰ ዶሮው ቆጣቢ ነው፣ ከበለጠ አባካኝ ነው። ይህ መለኪያ ከተራው ምጣኔ የሚሻለው ዶሮው ፈጣን ስለሆነ ብቻ ቆጣቢ መስሎ እንዳይታይ ስለሚያደርግ ነው። የሁለቱም መለኪያዎች ተወራሽነት በአብዛኞቹ ጥናቶች ከ0.2 እስከ 0.5 ባለው ክልል ውስጥ ይወድቃል። በተራ ቋንቋ፣ በአንድ ቤት ውስጥ በዶሮዎች መካከል ከሚታየው የቁጠባ ልዩነት ከግማሽ የማይበልጠው በዘር ሲሆን የቀረው የአያያዝና የአካባቢ ነው። ቆጣቢ ዘር ገዝቶ መኖው በመመገቢያው ጠርዝ እየተደፋ እንዲባክን የሚተው ሰው የገዛውን ነገር መሬት ላይ እያፈሰሰው ነው።

እስካሁን የተባለው ሁሉ ለብሮይለሩ ያደላል። ሚዛኑን የሚያዛባው የከፍታው ጉዳይ ነው።

በ2,800 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው ወደ 30 በመቶ ያህል ስለሚያንስ ዶሮው በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። የፈጣን ብሮይለር ሥጋ በየቀኑ ብዙ ኦክስጅን ይጠይቃል፤ ልቡና ሳንባው ግን ከሥጋው እኩል አላደጉም። ልቡ ደሙን በጠባቡ የሳንባ ሥር ለማሳለፍ ሲታገል ግፊቱ ይጨምራል፤ የቀኙ የልብ ክፍል ይወፍርና በመጨረሻ ይዝላል፤ ደሙ ወደ ኋላ ተመልሶ ጉበት ላይ ሲጠራቀም ፈሳሹ ወደ ሆድ ይንጠባጠባል። አርቢዎች «ሆዱ ውሃ ቋጠረ» የሚሉት ይህን ነው። ቅዝቃዜ ነገሩን ያብሰዋል፤ ብርድ የገባው ዶሮ ለሙቀት ሲል ተጨማሪ ኦክስጅን ይፈጃልና። በሽታው በላቲን አሜሪካ ደጋማ አገሮች የሥጋ ዶሮ እርባታን ለረጅም ጊዜ ያስቸገረ ነው።

ከዘረመል አንጻር የሚያሳስበው ደግሞ ሌላ ነው። ለበሽታው ተጋላጭ መሆን ራሱ ይወረሳል፤ በዝቅተኛ ቦታ የላቀ የመኖ ምጣኔ ያሳዩ መስመሮችም ለዚሁ ችግር ይበልጥ የተጋለጡ ሆነው የተገኙባቸው ጥናቶች አሉ። ዶሮው በትንሽ መኖ እንዲያድግ ሲመረጥ ሙቀት የሚያመነጭበትና ኦክስጅን የሚያዳርስበት ትርፍ አቅምም አብሮ እየተቀነሰ መሄዱ እንደ አንድ ማብራሪያ ይቀርባል። ለቆላው ሰው ቁጠባ የሆነው ለደጋው ሰው ዕዳ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ትልልቆቹ ዘር አምራቾች ይህን ተረድተው የልብና የሳንባ ጥንካሬን በምርጫቸው ውስጥ ስላስገቡ ችግሩ ከቀድሞው ቀንሷል፤ ነገር ግን በእነዚህ ከፍታዎች ጨርሶ አልጠፋም።

ሞት በምጣኔው ላይ የሚያደርሰውን ደግሞ በቁጥር እንመልከት። ከ500 ጫጩቶች 40ዎቹ እያንዳንዳቸው 2.8 ኪሎ መኖ ከበሉ በኋላ በአምስተኛው ሳምንት ሞቱ እንበል። የቀሩት 460ዎቹ እያንዳንዳቸው 2.2 ኪሎ ደርሰው በ1.7 ምጣኔ ቢሸጡ ጠቅላላው መኖ 1,832 ኪሎ፣ የተሸጠው ክብደት 1,012 ኪሎ ይሆናል፤ እውነተኛው ምጣኔም ከ1.7 ወደ 1.81 ይወጣል። ይህ አሁንም ከ2.4 ያነሰ ስለሆነ ብሮይለሩ በመኖ ብቻ ቢመዘን ገና ያሸንፋል። የሚያስከፋው ግን በመኖው ላይ የእያንዳንዱ የሞተ ጫጩት መግዣ፣ ክትባትና ከሰል ሲደመር ነው። በተጨማሪም በሆድ ውሃ የሚሞተው ዶሮ በአብዛኛው ከመንጋው ፈጣኑና ትልቁ ነው፤ በአንደኛ ሳምንት እንደሚሞት ደካማ ጫጩት በርካሽ አይሸኝም።

ስለዚህ በደብረ ብርሃን፣ በመሐል ሜዳና በአንኮበር ከፍታ ብሮይለር ለማርባት የወሰነ ሰው የዘሩን ፍጥነት ራሱ መግታት አለበት። በእንክብል ፈንታ የዱቄት መኖ መስጠት፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት መኖውን ለተወሰኑ ሰዓታት ማንሣት፣ ሌሊት ጨለማ እንዲያገኙ ማድረግ የሚረዱ እርምጃዎች ናቸው። ይህ ሁሉ ምጣኔውን በጥቂቱ ቢያስከፍልም ሞቱን ይቀንሳል። በከሰል የሚሞቅ ቤት ውስጥ ብርድ እንዳይገባ ተብሎ ቀዳዳው ሁሉ በላስቲክ ሲደፈን ያየሁት ብዙ ጊዜ ነው፤ ከሰሉ ግን ያንኑ የሳሳ ኦክስጅን ከጫጩቱ ጋር ይሻማል፣ መርዛማ ጭስም ይጨምራል። በላይ በኩል የአየር መውጫ ተትቶ የመጀመሪያው ሳምንት ሙቀት በጫጩቶቹ ቁመት ልክ 32 ዲግሪ አካባቢ መጠበቅ ይኖርበታል። ይህን ማድረግ የማይችል፣ ወይም መብራት ሲጠፋ አማራጭ የሌለው ሰው በደጋ ላይ ሳሶን ወይም ኩሮይለርን ቢመርጥ በወረቀት ላይ ስምንት ኩንታል መኖ የከሰረ ቢመስልም በመጨረሻው ሒሳብ ሊያተርፍ ይችላል።

በቆላው በኩል፣ በሸዋ ሮቢትና በአጣዬ፣ ችግሩ ተገልብጦ ይመጣል። እዚያ ኦክስጅኑ ይሻላል፤ በቆሎና ማሽላም ከቅርብ ይገኛል። የሚያስቸግረው ሙቀቱ ነው። ፈጣን ዶሮ ብዙ ሲበላ ብዙ ሙቀት ያመነጫል፤ የአየሩ ሙቀት ከ30 ዲግሪ ሲያልፍ መብላቱን ይቀንሳል፣ ያለከልካል፤ ለማደግ ያላዋለው መኖም ምጣኔውን ያበላሸዋል። ለዚህ የተፈጥሮ መልስ የሆነ አንድ ዘረመል አለ፤ በአገራችን ቆላማ ቦታዎች የሚታዩት አንገታቸው ላባ የሌለው ዶሮዎች ተሸካሚዎቹ ናቸው። ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሰው ዶሮ ላባው 20 በመቶ ያህል፣ ከሁለቱም የወረሰው 40 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ ሙቀቱም በቀላሉ ይወጣለታል። በሞቃት ቦታ ከባለ ሙሉ ላባው የተሻለ ዕድገትና ምጣኔ ያሳያል፤ በውርጭ ቦታ ግን ያው ዘረመል መኖውን ለሙቀት ያስፈጀዋል። ስለዚህ ባለ ቀለም ዲቃላ ከሚያቀርብ ሰው አንገተ መላጣውን ቢያገኙ ለሸዋ ሮቢት ይውሰዱት፣ ለደብረ ብርሃን ይተዉት። ማሽላን በተመለከተም ነጩ ከቀዩ ይመረጣል፤ ቡናማውና ቀዩ ብዙ ጊዜ ታኒን ስለሚበዛበት ፕሮቲኑ እንዳይፈጭ ያደርጋል።

የገበያውን ቀን ሳያሰሉ ዘር መምረጥ አይቻልም። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል፤ እስከ ገና ዋዜማ 44 ቀን ነው። የጾሙ ርዝመት ከብሮይለር ዕድሜ ጋር የተስማማው በአጋጣሚ ቢሆንም ለአርቢው ይመቻል፤ በጾሙ መግቢያ የገባ ጫጩት ለገና ይደርሳል። ሆኖም ከኅዳር እስከ ጥር በደብረ ብርሃን ውርጭ የሚወድቅበት፣ የሆድ ውሃ የሚጸናበት ወቅት ነው፤ በቆላው ደግሞ አየሩ የሚስማማበት ነው። የፋሲካው ዙር ተቃራኒው ነው፤ መጋቢትና ሚያዝያ ቆላው ይግላል፣ ደጋው ይለሰልሳል። ለገና ብሮይለርን ቆላ ላይ፣ ለፋሲካ ደጋ ላይ ማርባት የዘሩን አቅም ይበልጥ ያወጣል ብዬ አምናለሁ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ስለሆነ ለፋሲካ የሚደርስ ብሮይለር ጾሙ ከገባ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ይገባል፤ በእኛ አያያዝ ከ70 እስከ 80 ቀን የሚፈልገው ሳሶ ግን ከጾሙ አስቀድሞ መግባት አለበት።

በዓሉ ያመለጠው ብሮይለር ከባድ ዕዳ ነው። በስድስተኛው ሳምንት ለአንድ ኪሎ ጭማሪ ወደ ሁለት ኪሎ መኖ ይፈልጋል፤ ከዚያ በኋላ ይብሳል፣ እግሩና ልቡም ይደክማሉ። ሳሶው ሁለት ሳምንት ቢቆይ ግን ገዢ አያጣም፤ ቄቡም ለእንቁላል ይቀራል። በቁም ገበያ ቀይና ገብስማ ላባ ያለው አውራ ዶሮ ከነጩ የተሻለ እንደሚጠራ፣ ለረጅም ሰዓት በሚሠራ ወጥ ውስጥም የብሮይለር ሥጋ ቶሎ እንደሚፈራርስ ማንኛዋም ባለሙያ ታውቃለች። የብሮይለሩ ገዢ ሆቴልና ሥጋ ቤት ነው፤ አስቀድሞ ያልተነጋገሩት ገዢ ከሌለ ብሮይለር ባይገባ ይሻላል።

ብዙዎች የሚስቱት ዘር ማስቀረት ላይ ነው። ኮብም ሮስም ሳሶም በርካታ መስመሮች ተዳቅለው የሚወጡ የመጨረሻ ዲቃላዎች ናቸው። ከእነርሱ ወንድና ሴት አስቀርቶ ጫጩት ያስፈለፈለ ሰው የወላጆቹን ቁጠባ አያገኝም፤ ልጆቹ ግማሹ ትልቅ፣ ግማሹ ትንሽ፣ ምጣኔያቸውም የተዘበራረቀ ይሆናል። የብሮይለር እናቶች ደግሞ በልክ ካልተመገቡ ወፍረው እንቁላል ይቀንሳሉ፤ ለፈጣን ዕድገት የተመረጠው የምግብ ፍላጎት በእናትነታቸው ጊዜ አይለቃቸውምና። የራሱን ዘር ማቆየት ለሚፈልግ ኮኮክ ወይም ሆሮ ይሻላል፤ ንጹሕ ዝርያ ስለሆኑ ልጆቻቸው ወላጆቻቸውን ይመስላሉ፣ የቅርብ ዘመድ እንዳይዳቀል አውራውን መለዋወጥ ብቻ ይበቃል።

በሁለት ዘሮች መካከል የሚያመነታ ሰው በመጀመሪያው ዙር ከሁለቱም ሃምሳ ሃምሳ ጫጩት በአንድ ቀን አስገብቶ በመካከላቸው የሽቦ መከለያ ብቻ አድርጎ ያርባ። አንድ ዓይነት መኖ ይስጥ፤ የተሰጠውንና በየሳምንቱ ማብቂያ የተረፈውን መዝኖ ይጻፍ፤ ከየክፍሉ ዐሥር ዐሥር ዶሮ ሳይመርጥ አንሥቶ ይመዝን። በመጨረሻ የተበላውን መኖ በሙሉ፣ የሞቱት የበሉትንም ጨምሮ፣ በተሸጠው ክብደት ያካፍል። ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ የሞተ ዶሮ ሲያገኝ ጓንት አድርጎ ሆዱን ይክፈተው፤ ቢጫ ውሃ ካቆረና ልቡ በቀኝ በኩል አብጦ ከተገኘ ቀኑንና ዘሩን ከጎኑ ይጻፍ።